ስለ ላክስተን መንደርና ስለ ወሰን ዳኝነቷ

በእንግሊዝ አገር በኖቲንግሃምሻየር ግዛት ላክስተን የምትባል አንዲት ትንሽ የገበሬ መንደር አለች። ጥንታዊ የቅዱስ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንና አንድ መጠጥ ቤት አላት፤ ዝነኛነቷ ግን በእርሻዋ ነው። በ18ኛውና በ19ኛው ምዕት ዓመት የእንግሊዝ የጋራ እርሻ በሕግ እየታጠረ ሲጠፋ፥ እርስዋ ሦስቱን ሰፋፊ ሜዳዎቿን ሳታጥር ቀረች። ገበሬዎቿ በየሜዳው ጠባብና ረጃጅም ቁራሽ መሬት ይዘው ያርሳሉ፤ አንዱም ሜዳ በተራው ከእህል ያርፋል።

በየዓመቱ በኅዳር ወር መሐላ የገቡ ገበሬዎች ዞረው ወሰኑን ይመረምራሉ፤ መንገድ ገፍቶ ያረሰውን፥ ቦዩንም ሳይጠርግ የተወውን ይጽፋሉ። ከዚያም በመጠጥ ቤቱ ችሎት ተቀምጦ በጥፋተኛው ላይ ጥቂት ገንዘብ ይፈርድበታል።

በ1635 ዓ.ም. (እንደ አውሮፓ አቈጣጠር) የመንደሪቱ መሬት በካርታ ተሥሎ ነበር። በ1952 መንግሥት ርስቱን ገዛው፤ በ2020 ደግሞ ወደ ግል ባለርስት ተመለሰ። ባለቤቱ ቢለዋወጥም ዳኝነቱ አልተቋረጠም። ካርታ ወሰንን ያሳያል እንጂ አይጠብቅም፤ የሚጠብቀው በጎረቤቱ ፊት ማፈርን የሚያውቅ ሰው ነው። ስለዚህ የመሬት ሕግ የሚያወጣ ሹም፥ ሕጉን ከመጻፉ ጋራ ወሰኑን በየዓመቱ የሚዞሩ የመንደሩ ዳኞች እንዳይጠፉ ማሰብ ይገባዋል።