መለኪያ

አረቄ የሚጠጣባት ትንሽ ብርጭቆ በአማርኛችን «መለኪያ» ትባላለች። ቅኔ የሚወድ አንባቢ በዚህች ስም ላይ ጥቂት ቢቆይ አይከፋም፤ መስፈሪያም ናት፣ መመዘኛም ናት። ዳሩ ግን በሆሳዕናም ሆነ በዱራሜ አረቄ በመለኪያ ይቀዳል እንጂ ሲመዘን አይታይም። ጠጪው ዋጋውን ይጠይቃል፤ ቀጥሎም «ኃይለኛ ነው ወይ?» ይላል። ስለ ጣዕሙ የሚጠይቅ ጥቂት ነው። እኔ ግን ርካሽ መጠጥም ብያኔ ይገባዋል ባይ ነኝ።

አሜሪካኖች በርበን የሚሉት ውስኪ ከእህሉ ቢያንስ 51 በመቶው በቆሎ ሆኖ፣ ውስጡ በእሳት በተለበለበ አዲስ የኦክ በርሜል የሚቀመጥ ነው። ምክር ቤታቸውም እ.ኤ.አ. በ1964 የአገራቸው መለያ ምርት አድርጎ እውቅና ሰጥቶታል። ከዚህ ውስኪ ርካሹ ጠርሙስ እንኳ ቀማሽ አያጣም፤ «ቫኒላ ቫኒላ ይላል፣ ጉሮሮ ላይ ይቸኩላል» እያሉ ይጽፉለታል። የእኛም አረቄ አንዳንዴ ከዚያው ከበቆሎ፣ አንዳንዴም ከስንዴ፣ ከገብስ ወይም ከዳጉሳ ይወጣል። ነገር ግን በርሜል አያውቅም። ቀለምና ጣፋጭነት የሚያውሰው እንጨት ስለሌለ ጉድለቱን የሚሸሽግበት የለውም፤ የአውጪዋ እጅ እንዳለ ይታያል።

ጌሾና ብቅል ይጠነሰሳል፣ ቂጣ ተጋግሮ ይፈረፈርበታል፣ ድፍድፉም ለቀናት ከተብላላ በኋላ እሳት ላይ ይጣዳል። እንፋሎቱ በቱቦ አልፎ፣ ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ በተቀመጠ ዕቃ ጠብ ጠብ ይላል። እሳቱ ከበዛ ድፍድፉ ያራል፤ ዳግመኛ ሲወጣ ደግሞ «ዳግም አረቄ» ይሆናል።

ሰሞኑን ሁለት መለኪያ ጎን ለጎን አስቀድቼ ቀመስኩ። የመጀመሪያው ተራ አረቄ ነበር፤ ከአፍ በፊት አፍንጫን ሰነፈጠ፣ ምላስ ላይ ይፋጃል፣ ሲወርድም የአረረ ድፍድፍ ጭስ ትቶ ሄደ። ሁለተኛው የስንዴ ዳግም ነው። ኃይሉ ይበልጣል፤ ሆኖም አይፋጅም፣ ያሞቃል። ሽታው ከምጣድ የወረደ ዳቦ፣ መጨረሻው ቀጭን የጌሾ ምሬት ነው። በዋጋ የሚለያዩት በጥቂት ብር ነው፤ በሙያ ግን እጅግ ይራራቃሉ። መሰንፈጥ፣ መፋጀትና መሞቅ አንድ አይደሉም። ቋንቋችን እነዚህን ለይቶ ያስቀመጠልን እንድንጠቀምባቸው ነው። ሁሉንም «ያቃጥላል» ብሎ የሚያልፍ ሰው መጠጡንም ቋንቋውንም ይበድላል።

እርግጥ ምላስ ሁሉን አይደርስበትም። ሜታኖል የተቀላቀለበትን አረቄ በቅምሻ መለየት አይቻልም፤ ክብሪት ጭሮ ነበልባሉን ማየትም ማረጋገጫ አይሆንም። ይህን የሚለየው ምርመራ ነው። ለዚህም ነው አረቄ ከየት እንደ መጣና ማን እንዳወጣው መታወቅ ያለበት። ስም የሌለው ጠርሙስ ተጠያቂም የለውም። የአርሲ ነጌሌና የደብረ ብርሃን አረቄ በስማቸው ሲጠሩ፣ የሌላው አገር አውጪ ግን ስሟ ከጓዳዋ አይወጣም።

«በእኛ አካባቢ ስለ አረቄ ማውራት ምን ይባላል?» የሚል አይጠፋም። ሚሲዮናውያን በ1920ዎቹ መጀመሪያ ወደ ሀዲያና ከምባታ ምድር ከመጡ ወዲህ ወንጌላዊነት በዚህ ተስፋፍቷል፤ መጠጥ ከቤቱ የማይገባ ጎረቤት ብዙ ነው። አቋሙን አከብራለሁ። መመዘን ግን ማወደስ አይደለም። እንዲያውም የሚያጣጥም ሰው በአንዲት መለኪያ ብዙ ይቆያል፤ የሚጨልጠው ነው የሚደጋግመው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ የአውጪዋ ነገር ነው። በጭስ ዓይኗ እየቀላ ልጆቿን በአረቄ የምታሳድግ እናት በየከተማው አለች። ጥሩውንም መጥፎውንም በአንድ ዋጋ፣ በአንድ ዝምታ ስንገዛት ለሙያዋ የምትጠነቀቅበትን ምክንያት እንነፍጋታለን፤ ድፍድፍ የምታሳርረውና የማታሳርረውም እኩል ይሆናሉ። ስለዚህ ጠጪ ከሆንን፣ ጥሩ ስናገኝ «እጅሽ ይባረክ፣ ይህ ሙያ ነው» እንበላት፤ መጥፎውንም «ይህ አርሯል» ብለን እንመልስ።