በየቀኑ በኪስ ስለሚያዝ ፎቶግራፍ ማንሻ

ሰው ሲሞት በለቅሶው ቤት የሚቆመው ሥዕል ብዙ ጊዜ ከየት እንደሚመጣ የተወደዱ አንባቢዎቻችን ሳያስተውሉት አይቀሩም። ከመታወቂያ ወረቀት የተገኘች አንዲት ጉርድ ፎቶግራፍ ትወሰድና በፎቶግራፍ ቤት ተስፋፍታ፣ መስተዋት ገብቶላት፣ ለለቀስተኛው ትታያለች። አባወራው ሰባ ዓመት በምድር ላይ ኖሮ፣ ልጅ አሳድጎ፣ ከወዳጆቹ ጋር ስቆ ተጫውቶ ሳለ፣ ለቤተ ሰቡ የቀረው መልክ ለጽሕፈት ቤት ጉዳይ ፊቱን አኮሳትሮ በተቀመጠባት በአንዲት ደቂቃ የተያዘው ብቻ ይሆናል። ይህ የሚሆነው በቤቱ ገንዘብ ስለ ጠፋ አይደለም፤ ፎቶግራፍ ማንሻው በበዓል ቀን ብቻ የሚወጣ ዕቃ ሆኖ ስለሚቀመጥ ነው እንጂ።

በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የነበረው አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጅያን ሥዕል ሲያነሣ ሰው ወደ መሣሪያው ይመጣ ነበር እንጂ መሣሪያው ወደ ሰው አይሄድም ነበር። ኮዳክ የሚባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሰደርያ ኪስ የሚገባ ተጣጣፊ ካሜራ በአውሮፓ ቁጥር በ1912፣ ጀርመኖችም ላይካን በ1925 ለገበያ ካወጡ ወዲህ ግን ነገሩ ተለወጠ።

«ስልኬ ሥዕል ያነሣልኝ የለምን? ሌላ መሣሪያ ለምን እገዛለሁ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። በቀን ብርሃን፣ በሜዳ ላይ፣ ጥሩ ስልክ ያነሣውንና ካሜራ ያነሣውን በትንሽ ወረቀት አሳትሞ ለመለየት አስቸጋሪ ስለ ሆነ፣ ይህ የሚበቃው ሰው ገንዘቡን ይያዝ። ልዩነቱ የሚገለጠው በጨለማ ቤት ነው። ሴንሰር የሚባለው ብርሃን ተቀባይ ሰሌዳ በሰፋ መጠን የሚሰበስበው ብርሃን ይበዛልና። በርካሽ የኪስ ካሜራዎች ውስጥ ያለው ሰሌዳ ወርዱ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ በሶኒ አርኤክስ 100 ላይ 13፣ በሪኮ ጂአር 3 ላይ ግን ከ23 ይበልጣል። ሻጩ ስለ ሜጋፒክስል ብዛት ሲያወራ ገዢው ስለ ሰሌዳው ስፋት ይጠይቅ።

ካሜራን ለመፈተን ከመርካቶው ጎጃም በረንዳ የሚሻል ስፍራ አላውቅም። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ብላ የተቀመጠች ስለ ሆነች የቀትር ፀሐይዋ ብርቱ ነው፤ በቆርቆሮው ጥላ ሥር የተቀመጠው ነጋዴ ጨልሞ፣ ከፊቱ ያለው መንገድ ደግሞ ዓይን እስኪወጋ ያበራል። አቧራው ይነሣል፤ ተሸካሚው «ዞር በል!» እያለ ያልፋል፤ የኪስ ሌባም አይጠፋም። በዚህ ስፍራ በአንገት የተንጠለጠለ ትልቅ ካሜራ ሰውን ሁሉ ያስደነግጣል፤ በኮት የውስጥ ኪስ የሚገባው ግን ወጥቶ፣ አንሥቶ፣ ተመልሶ ይገባል።

ከላይ ያነሣኋቸው ሁለቱ ካሜራዎች ክብደታቸው ከሩብ ኪሎ ቅቤ ብዙ አይርቅም። በአውሮፓ ቁጥር በ2012 የወጣው የመጀመሪያው ሶኒ ሩቁን ያቀርባል፣ ብልጭታም አለው፤ ልጆቹ በግቢ ሲሮጡ ከሩቅ ለማንሣት ለሚፈልግ እናት ወይም አባት እርሱን እመርጣለሁ። በ2019 የወጣው ሪኮ ሩቁን አያቀርብም፣ ብልጭታም የለውም፣ ባትሪውም ከ200 ሥዕል በላይ እምብዛም አይሄድምና መብራት በሚጠፋበት ሰፈር ሁለተኛ ባትሪ ያስፈልገዋል። ነገር ግን ርቀቱን አስቀድሞ 2 ሜትር ላይ ወስኖ ቁልፉን ቢጫኑት ሳይዘገይ ያነሣል፤ በገበያ መካከል ለሚመላለስ ሰው ከዚህ የሚፈጥን ጥቂት ነው። ሁለቱም በዓይን ተጠግተው የሚያዩበት መስኮት ስለሌላቸው በቀትር ፀሐይ ስክሪናቸውን ማየት ያስቸግራል። ይህን የሚጠላ ሰው በ2014 የወጣውን ሦስተኛውን ሶኒ ይፈልግ፤ በእርሱ ላይ መስኮቱ ከራሱ ከካሜራው ብቅ ይላል።

አንድ ነገር የካሜራው መጽሐፍ አይነግረንም። ካሜራ ነጭ ነገር ሲበዛበት ብርሃን የበዛ መስሎት ሥዕሉን ያጨልመዋል። ስለዚህ ነጭ ጋቢ የደረበ ሽማግሌ ወይም ነጠላ የለበሰች እመቤት ስናነሣ ጋቢው አመድ ይመስላል፣ ፊታቸውም ይጠቁራል። የመደመርና የመቀነስ ምልክት ያለበትን ቁልፍ ወደ መደመር አንድ ደረጃ ያህል መውሰድ ይበቃል። ይህ ቁልፍ በቀላሉ የማይገኝበትን ካሜራ ለአገራችን ሰው አልመክርም።

በችሎት ጽሕፈት ቤት የምንሠራ ሰዎች ደግሞ ሌላ ነገር እናስታውሳለን። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በ27ኛው አንቀጽ፣ የሰው ፎቶግራፍ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ ለሽያጭም እንዳይቀርብ ይከለክላል። ቀጥሎ ያለው አንቀጽ ስለ ታወቁ ሰዎች፣ ስለ መንግሥት ሥራ፣ ስለ ፍርድ ጉዳይና በሕዝብ ፊት ስለ ተደረጉ ነገሮች ልዩ ሁኔታ ያደርጋል። ከሸክም በታች የጎበጠ ተሸካሚ መልኩን ሳያውቀው አንሥቶ በኢንተርኔት ለዓለም መበተን ግን፣ በእኔ አስተያየት፣ ሥራው የሚደረገው በአደባባይ ነው ተብሎ ብቻ የሚፈቀድ አይደለም። «አባቴ፣ ባነሣዎት ይፈቅዳሉ?» ማለት ጊዜ አይፈጅም፤ ብዙዎቹም ልብሳቸውን አስተካክለው ይቆማሉ፤ እምቢ ያለውንም ማመስገን ይገባል።

ካሜራውን ከሰው እጅ የሚገዛ ሰው አስቀድሞ ደጋግሞ ይክፈተው፣ ይዝጋው፤ የሚወጣና የሚገባ መስተዋት አቧራ ወደ ውስጥ ይስባልና። ከዚያም የመስተዋቱን ቀዳዳ እጅግ አጥብቦ ነጭ ወረቀት ያንሣና ሥዕሉን በስክሪኑ ላይ አጉልቶ ይመልከት፤ ጥቁር ነጠብጣብ ከታየ አቧራው በሰሌዳው ላይ ነው። እንዲህ ያለውን አጽድቶ መመለስ ከመግዛት የከበደ ሊሆን ስለሚችል ዋጋው ቢረክስም ይተወው። ገዝቶ ከገባ በኋላም በየወሩ ከሥዕሎቹ አሥሩን ያህል መርጦ በወረቀት ያሳትም፤ በጀርባውም የሰዎቹን ስም፣ ቀኑንና ስፍራውን በእርሳስ ይጻፍ።