ተያዥ የሌለው ልጅ

መርካቶ በበዓል ሰሞን ደግ ናት። ለፋሲካ፣ ለኢድ፣ ለእንቁጣጣሽ ድንኳን ይተከላል፣ በሬ ይጣላል፣ ከአውቶቡስ ተራ እስከ ሰባተኛ ያለው የጎዳና ልጅ ተሰልፎ ይበላል። ባለሀብቱ የድርጅቱ ስም የታተመበት ቲሸርት ያድላል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ፎቶው ማታውኑ ፌስቡክ ላይ ይወጣል። በማግስቱ ሱቁ ሲከፈት ያው ልጅ በረንዳው ላይ ተኝቶ ይገኛል። ዘበኛው ውሃ ደፍቶ ያስነሳዋል።

የተራበ ልጅ አንድ ቀን ጠግቦ ማደሩ እንደ ቀላል የሚታይ አይደለም። ግን የአዲስ ከተማ ልጆች ችግር ረሀብ ብቻ ቢሆን ኖሮ መርካቶ ድሮ ትፈታው ነበር። ከረሀቡ ጎን ፍርሃት አለ። ሲመሽ ሱቆች ሲዘጉ፣ ቀን የነጋዴ የነበረው መንገድ ባለቤት ይለውጣል። ትልቁ ልጅ ትንሹ ቀን ተሸክሞ ያገኛትን ብር ይቀማዋል፤ እምቢ ያለ ይደበደባል። ሴት ልጅ ከሆነች የሚደርስባት ከዚህ የከፋ ነው። ማስቲሽ የሚሳበው ለብርዱም፣ ለረሀቡም፣ ለፍርሃቱም ነው። ከዱላ ለማምለጥ ያለው መንገድ ከአንዱ ቡድን መጠጋት ነው፤ የተጠጋ ደግሞ ለቡድኑ ይሠራል። ሥራው ምን እንደሆነ ሞባይሉን የተነጠቀ ሁሉ ያውቀዋል።

ነጋዴው የሚገባበትም እዚህ ላይ ነው። የተነጠቀ ሞባይል አይበላም፤ ገንዘብ የሚሆነው ገዢ ሲኖር ነው። ስፖኪዮ የተፈታበት የአዲስ አበባ ሹፌር መጀመሪያ ሄዶ የሚፈልገው ፖሊስ ጣቢያ ሳይሆን መለዋወጫ ተራ ነው፤ ብዙ ጊዜም የገዛ ዕቃውን መልሶ ይገዛል። ይህ እንደ ቀልድ ይወራል እንጂ፣ አንድ የ13 ዓመት ልጅ በምሽት መፍቻ ይዞ የሚወጣው ጠዋት «ስንት?» ብሎ የሚቀበለው ሰው ስላለ ነው። ስለዚህ ለልጆች አስባለሁ የሚል የነጋዴዎች ስብስብ ከበሬውም ከቲሸርቱም በፊት ሊያደርገው የሚችለው፣ አንድ ሳንቲም የማያስወጣው ነገር አለ፦ ከየት እንደመጣ ያልታወቀ ዕቃ ከልጅ እጅ አለመግዛት። ምናለሽ ተራ ሃይላንድና ቁርጥራጭ ብረት ለቅሞ የሚያመጣው ሌላ ነው፤ እሱ እየሠራ ነው። ልዩነቱ ለማንም ነጋዴ አይጠፋውም።

ከዚያ ቀጥሎ የሥራ ጉዳይ ይመጣል። ብዙ ነጋዴ «ሥራ ብሰጠው አይሻልም?» ይላል፣ ትክክል ነው። ግን ሕግ አለው። በ2011 የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156 ከ15 ዓመት በታች ያለን ልጅ መቅጠር ይከለክላል። ከ15 እስከ 18 ያለው በቀን ከ7 ሰዓት በላይ፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ባለው ጊዜም መሥራት የለበትም። የመርካቶን ጭነት የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ያህል እንደሚከበር ይገምታል። የ11 ዓመቱ ልጅ የሚያስፈልገው ትምህርት ቤት፣ ምሳና የሚያድርበት ቤት ነው፤ ለእሱ ጆንያ ማሸከም ውለታ አይባልም።

የ16 ዓመቱ ግን ሥራ ይፈልጋል፣ መሥራትም ይችላል። ሱቅ ደጃፍ ቆሞ ሲጠይቅ የሚመጣው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ተያዥ አለህ?»

ተያዥ የለውም። አባቱን ሸሽቶ ከክፍለ ሀገር የመጣ፣ መታወቂያ የሌለው፣ የሚያውቀው ሰው ሁሉ እንደ እሱ በረንዳ የሚያድር ልጅ ተያዥ ከየት ያመጣል? ባለሱቁ ላይም መፍረድ ይከብዳል። የመቶ ሺዎች ብር ዕቃ ባለበት ሱቅ ማንነቱን የማያውቀውን ልጅ ማስገባት ቀልድ አይደለም። ዛሬ ፎቅ የሠሩ አንዳንድ የመርካቶ ሰዎች በሊስትሮና በሱቅ በደረቴ ጀምረው ነው እዚህ የደረሱት፤ ይህን በኩራት ይናገራሉ፣ ሊኮሩበትም ይገባል። ነገር ግን አብዛኞቹ ሲመጡ አጎት ወይም ያገር ልጅ ነበራቸው። «የእገሌ ልጅ ነው» የሚል አንድ ሰው ነበር። ያች አንዲት ቃል ከመነሻ ካፒታል ትበልጥ ነበር፣ ዛሬ በረንዳ ላይ ያለው ልጅ የጎደለውም እሷ ናት።

እዚህ ላይ የበጎ አድራጎት ድርጅትና የነጋዴ ጥምረት ትርጉም ያገኛል። ድርጅቱ ልጁን ያውቀዋል፤ ወር ሁለት ወር አስጠልሎ፣ ከማስቲሽ አላቆ፣ ከተገኘ ቤተሰቡን አፈላልጎ፣ ጠባዩን አይቶታል። ነጋዴው ደግሞ ሥራና ሙያ አለው። በመካከል የጎደለው ዋስትና ነው።

ሌላ አገርም መንገዱ ተሞክሯል። በሎስ አንጀለስ የወሮበላ ቡድኖች በሚጋደሉበት ሰፈር የሚያገለግሉ ግሬግ ቦይል የተባሉ ቄስ እ.ኤ.አ. በ1988 ለእነዚያ ወጣቶች ሥራ ማፈላለግ ጀመሩ። በ1992 አንድ የፊልም ፕሮዲውሰር ባወጣው ገንዘብ ዳቦ ቤት ተከፈተ፤ ትናንት የሚተኳኮሱ ልጆች በአንድ ምድጃ ፊት ቆሙ። ሆምቦይ ኢንዱስትሪስ የሚባለው ድርጅት ያደገው ከዚያ ነው። እኛም ዘንድ ክብርት ዶክተር አበበች ጎበና በ1972 ዓ.ም. ከግሸን ጉዞ ሲመለሱ ከድርቅ ያመጧቸውን ሕፃናት ያሳደጉት መጀመሪያ ምግብ አዘጋጅቶ በመሸጥ ነበር። መርካቶም ብትሆን ለማዋጣት እንግዳ አይደለችም። በ1950ዎቹ የጉራጌ ነጋዴዎች በራሳቸው መዋጮ ወደ አገራቸው መንገድ አሠርተዋል።

ስለ ገንዘቡም ግልጽ መሆን ይሻላል። በ2008ቱ የገቢ ግብር አዋጅ ሒሳብ የሚይዝ ነጋዴ ለአገር ውስጥ በጎ አድራጎት የሰጠው ስጦታ ግብር ከሚከፈልበት ገቢው እስከ 10 በመቶ ድረስ በወጪ ይያዝለታል። ለዚህ ግን ደረሰኝ ያስፈልጋል፣ ደረሰኝ ደግሞ መርካቶ የምትወደው ወረቀት አይደለም፤ በኅዳር 2017 ሱቆች ተዘጋግተው የሰነበቱትም በዚሁ ሰበብ ነው። ድርጅቱም ቢሆን በ2011 በወጣው የሲቪል ማኅበራት አዋጅ መሠረት አስተዳደራዊ ወጪው ከ20 በመቶ ማለፍ የለበትም፤ የሚሰጥ ሰው ይህን የመጠየቅ መብት አለው። የልጆቹን ፊት ፎቶ መለጠፍ ግን የማንም መብት አይደለም። ከቡድን ያመለጠ ልጅ የት እንደሚውል በቲክቶክ ማሳየት ለሚፈልጉት ሰዎች አድራሻውን መስጠት ነው።

ዋስትናውን ዕቁብ ሊሸፍነው ይችላል። 20 ነጋዴዎች በሳምንት 5,000 ብር የሚጥሉበት ዕቁብ ቢኖር፣ እያንዳንዳቸው 250 ብር ቢጨምሩ 21ኛ ዕጣ ይወጣል። የዚያ ዕጣ ባለቤት ተያዥ የሌላቸው ልጆች ይሁኑ። ሲደርሰው 105,000 ብር ነው፤ በዓል ላይ ከሚጣለው በሬ ዋጋ ብዙም አይርቅም። የተቀጠረ ልጅ ዕቃ ይዞ ቢጠፋ ባለሱቁ ከዚያ ይካሳል። ካልጠፋ ገንዘቡ ለትንንሾቹ ማደሪያና ትምህርት ይውላል።

አንድ ነገር ግን ከመጀመሪያው ቀን ይጻፍ። ሱቅ ውስጥ ዕቃ በጎደለ ቁጥር መጀመሪያ የሚፈተሸው የጎዳናው ልጅ ነው፣ የባለቤቱ የእህት ልጅ ወስዶት እንኳ ቢሆን። ስለዚህ «ሰረቀ» ሲባል ባለሱቁ ብቻውን አይፍረድ። የዕቁቡ ዳኛ፣ የድርጅቱ ሰውና ልጁ ራሱ ይቀመጡ፣ ልጁም ይናገር።