ምስጋናችን ወደ ታችም ይውረድ

ዓመቱ አለቀ። ሻንጣችንን አስረን መኪና ከመጠበቃችን በፊት እንደ ልማዳችን የምስጋና ጽሑፍ ልናወጣ ነው። መልካም! ግን እስቲ ጓዶች፣ ያለፉትን ምስጋናዎቻችንን አውጥተን እናንብባቸው። ለክቡር እገሌ፣ ለክብርት እገሊት፣ ለጽሕፈት ቤቱ፣ ለኮሚቴው... ከዚያስ? ከዚያማ ፊርማ ነው። ምስጋናችን ሁሉ ደረጃ ቆጥሮ ሽቅብ የሚወጣ ሆነ። ይህ ምስጋና ነው ወይስ ማመልከቻ?

ለመሆኑ ይህን ዓመት ማን አኖረን? መምህራኖቻችን አስተምረውናል፣ አንክድም። ግን ከሩቅ አገር መጥተን ማራኪ ግቢ የገባን ሰሞን፣ ብርዱና ናፍቆቱ አንድ ላይ ሲነሣብን፣ «ልጄ» ብሎ የጠራን ማን ነበር? በ2012 ዓ.ም. በየዩኒቨርሲቲው ተማሪ በብሔሩ እየተለየ ሲደበደብ፣ ሲገደልም፣ የጎንደር ሰው አዲስ ገቢውን በቃል ኪዳን ቤተሰብነት መቀበል ጀመረ። የማን ወገን ነህ አላለም። ከመካከላችን አማርኛው የሚሰባበርበት ነበረ፤ ዛሬ እንደ ጎንደሬ የሚቀልደው ክፍል ውስጥ ተምሮ አይደለም፣ እትዬ ቤት ቡና ሲወቅጥ ነው እንጂ።

አንዳንዱ ይስቅብናል። «ቡና መጠጣትም ትምህርት ሆነ?» ይለናል። አዎን፣ ሆነ! እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ነን። ስለ ቃል ግጥም ባሕርይ ሦስት ገጽ ማስታወሻ ገልብጠን ነበር። አንድ ቀን እትዬን ተከትለን ልቅሶ ቤት ሄድን። ለጎረቤታቸው ያወረዱትን ሙሾ ሰምተን ስንመለስ ደብተራችንን ለመግለጥ አፈርን። ታዲያ በፈተናው ላይ የጻፍነው የማንን ዕውቀት ነው? ውጤቱስ የተመዘገበው በማን ስም ነው?

እዚሁ ከተማ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ተማሪዎቹን ቆላ ድባ ድረስ ይልክ ነበር፤ ደምቢያን ወባ ከፈጀው ገና ብዙ አልቆየም። የጤና መኮንኑ፣ ነርሷ፣ የንጽሕና ባለሙያው ባንድ ቡድን ሆነው ከገበሬው መንደር ገብተው ተማሩ፤ እየተማሩም አከሙ። እነሱ መርፌ ነበራቸው። እኛ ምን አለን? እስክሪብቶ አለን! የእትዬን ሙሾ ጽፈን አንዱን ግልባጭ ለራሳቸው እንስጥ፤ እሳቸው ማንበብ ባይችሉ ልጃቸው ታነብላቸዋለች። እሷንም ለፈተናዋ ጥቂት ቀን ብናስጠናት አንሞትም።

ደግሞ ሌሊት በ10 ሰዓት ተነሥታ እንጀራችንን የምትጋግረው፣ በር ላይ ዝናብ የሚወርድበት ዘበኛ... ኧረ ስንቱ!

የዚህ መጽሔት የመጨረሻ ገጽ ለምስጋና ተብሎ ባዶ ተትቷል። አዘጋጆቹን ለምነን በእነዚህ ሰዎች ስም እንዲሞላ ተስማምተናል። ስማቸውን ከነአባታቸው እስከ ዓርብ ጽፋችሁ አምጡ። ስንቶቻችን እንደምናውቀው ያን ጊዜ ይታያል።