ዘንዶውን ማን አየው?

ስለ ቻይና ጥንታዊ የፍልሚያ ጥበብ በተነሣ ቁጥር አንድ ተረት አብሮ ይነሣል። መነኩሴው በተራራ ላይ ተቀምጦ ሳለ ሽመላና እባብ ሲዋጉ አየ፤ አይቶም ተማረ፤ ተምሮም ለደቀ መዛሙርቱ አስተማረ፤ የነብሩም፣ የጦጣውም፣ የሽመላውም ስልት በዚህ አኳኋን ተወለደ ይባላል። ይህን ተረት ከሲኒማ አዳራሽና ከቪዲዮ ቤት ይዘን ወጥተን በመማሪያ ክፍልና በመድረክ ላይ እንደ ታሪክ እንደግመዋለን። እኔም ከደጋሚዎቹ አንዱ ነበርሁ፤ በአንድ ተውኔቴ ውስጥ ይህንኑ መነኩሴ አቁሜ አናግሬዋለሁ። ዛሬ ግን ተረቱ ከታሪክ ወንበር ላይ ይውረድ እላለሁ።

ለተረቱ ጠበቆች አንዲት ጥያቄ አለችኝ። በሻኦሊን ገዳም ስም የሚጠሩት አምስቱ ስልቶች የዘንዶ፣ የባለ መስመሩ ነብር፣ የባለ ነጥቡ ነብር፣ የእባብና የሽመላ ናቸው። ሽመላን ያየ ሽመላን ቀዳ እንበል። ቀንድ ያበቀለውን፣ በደመና ውስጥ የሚመላለሰውን፣ ዝናብ ያዘንባል የሚባለውን የቻይና ዘንዶ ግን ማን አየው? በየትኛውስ ወንዝ ዳር ሲዋጋ ተገኘ?

ማስረጃው የሚመራን ወደ ሌላ ስፍራ ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 በሁናን ግዛት፣ በቻንግሻ ከተማ፣ ማዋንግዱይ በተባለ ቦታ ከተቆፈረ መቃብር ውስጥ በሐር ላይ የተሣለ ሥዕል ወጣ። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ነበር። በሥዕሉ ላይ 44 ሰዎች፣ ወንድና ሴት፣ ወጣትና ሽማግሌ፣ ሰውነታቸውን ሲያፍታቱ ይታያሉ። ከአንዳንዶቹ ጎን የድብ፣ የሽመላና የጦጣ ስም ተጽፏል፤ ከሌሎቹ ጎን ደግሞ የበሽታ ስም። እነዚህ ሰዎች ጤና ፈላጊዎች እንጂ ተፋላሚዎች አይደሉም። በ2ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የኖረው ሐኪም ህዋ ቱዎም በነብር፣ በአጋዘን፣ በድብ፣ በጦጣና በወፍ ስም የተጠሩትን አምስት እንቅስቃሴዎች ለተማሪው ያስተማረው ምግብ እንዲፈጭና በሽታ እንዲርቅ ነበር። እንግዲህ ከጥንቱ ዘመን በቀሩልን በእነዚህ ማስረጃዎች እንስሳውን የምናገኘው በሐኪም ደጅ እንጂ በጦር ሜዳ አይደለም።

ወደ ጦር ሜዳም እንውረድ። በ16ኛው ክፍለ ዘመን የሚንግ ሥርወ መንግሥት የጦር አዛዥ ቺ ጂጓንግ የባሕር ወንበዴዎችን ለመውጋት ከዪዉ አውራጃ ገበሬዎችንና ማዕድን ቆፋሪዎችን መለመለ። በማሠልጠኛ መጽሐፉ ካቀረባቸው 32 የባዶ እጅ አቋቋሞች አንዱ በአንድ እግሩ በቆመ ወርቃማ አውራ ዶሮ ስም ይጠራል። ይህን አቋቋም ለማግኘት ዶሮ መከተል ያስፈልግ ነበርን? ተዋንያንን ያለማመደ ሁሉ መልሱን ያውቃል። «ጉልበትህን ሳብ፣ አንገትህን ቀና፣ ትከሻህን ዝቅ» እያሉ ከመድከም «እንደ አውራ ዶሮ ቁም» ማለት ይቀላል። ምሳሌ አሥር ትእዛዝ በአንድ ቃል ይጠቀልላል፤ ምንጭ ግን አይደለም። ተማሪው ከሁሉ አስቀድሞ እግሩ እስኪንቀጠቀጥ የሚቆምበት «የፈረስ አቋቋም» እንኳ ስሙ የፈረሱ ይሁን እንጂ ቅርጹ የጋላቢው ነው። እኛ የቅኔ አገር ሰዎች ይህ ሊጠፋን አይገባም ነበር፦ እንስሳው ሰሙ ነው፤ ወርቁ የሰው ልጅ ስለ ገዛ አካሉ ያካበተው እውቀት ነው።

ቻይናውያን ራሳቸው ይህን ጉዳይ ከመረመሩት ቆይተዋል። ታንግ ሃኦ የተባለው ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1930 ባሳተመው ጥናት ቦዲድሃርማ የሻኦሊን ፍልሚያ አባት ነው የሚለውን ወሬ በሰነድ አፍርሶታል። የ17ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ጸሐፊዎች የገዳሙን መነኮሳት የሚያወድሱት ከሁሉ ይልቅ በበትር አያያዛቸው ነው፤ በነብር ጥፍር አይደለም። ሜየር ሻሃርም እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተመው መጽሐፉ የጤናው እንቅስቃሴና የባዶ እጁ ፍልሚያ የተዋሐዱት በሚንግ መጨረሻና በቺንግ መጀመሪያ መሆኑን አሳይቷል። ሲኒማው ግን ይህን ሁሉ ድካም በአንድ ትዕይንት ያልፈዋል። ዩዌን ዎ-ፒንግ እ.ኤ.አ. በ1978 ባዘጋጀው፣ ስሙን «እባብ በንስር ጥላ ሥር» ልንለው በምንችለው ፊልም፣ ጃኪ ቻን ድመት እባብ ስትገድል ያያል፤ ወዲያውም አዲስ ስልት ይፈጥራል። ለሳቅ መልካም ነው፤ ለታሪክ ግን አይበቃም።

«ተረት የሕዝብ ሀብት ነው፤ አትንካው» የሚሉኝ አሉ። ሀብትነቱን አልክድም። በፉጂያን ግዛት ስለ ፋንግ ቺኒያንግ የሚነገረው ውብ ነው፦ ልጅቱ ነጭ ሽመላ በዱላ ልታባርር ስትሞክር ወፉ እየተሸሸገ እየመከተ አደከማት፤ ከዚያም የነጭ ሽመላ ስልት ተወለደ ይላሉ። ነገር ግን ተረቱን እስከ መጨረሻው እናዳምጠው። ልጅቱ ፍልሚያን ከአባቷ አስቀድማ ተምራ ነበር። ተረቱ ራሱ የሚመሰክረው ሽመላው የሠለጠነ ዓይን እንዳጋጠመው ነው።

ጉዳዩ የቃላት ክርክር አይደለም። ስልቱን ለሽመላው ስንሰጥ የምንነጥቀው ከሐኪሙ፣ ከታማሚው፣ ወታደር ከሆነው ማዕድን ቆፋሪ፣ ከሠልጣኟ ልጅ ነው። የብዙ ትውልድ ላብ የአንድ ቀን እይታ ይሆናል፤ ወጣቱም ጥበብ በድንገት የምትወርድ እንጂ የምትለፋ አይመስለውም። ስለዚህ መምህሩ ተረቱን ሲያስተምር ተረት ነው ይበል፤ ከያኒውም ሽመላውን በመድረክ ሲያስበርር ከክንፉ ሥር ያለውን ሰው ያሳየን። እኔም መነኩሴዬን ከተራራው አውርጄ በሐኪሙ ደጅ፣ ከታማሚዎቹ መካከል አቆመዋለሁ።

ዘንዶውንም ያየው ሰው ብቻ ነው፤ በዓይኑ ሳይሆን በልቡናው አየው፣ ከዚያም በገዛ አጥንቱና ጅማቱ አስነሣው።