ጃኩዚው ውሃ አለው ወይ?

አየር ጤና ተከራይተው የሚኖሩ ባልና ሚስት፣ ለተጋቡበት ቀን አንድ ሌሊት ሆቴል ማደር ቢያምራቸው ማንም ሊስቅባቸው አይገባም። ቤታቸው አንድ ክፍል ነው። መታጠቢያው ከሌሎች ተከራዮች ጋር የጋራ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው፤ በመጣበት ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ጀሪካን ሲሞላ ይነጋል። እንዲህ ለሚኖር ሰው፣ ማንም በር ሳያንኳኳበት ከትዳር አጋሩ ጋር ሙቅ ውሃ ውስጥ መቀመጥ ቅብጠት አይደለም።

ችግሩ ክፍሉ የሚመረጠው በፎቶ መሆኑ ነው። ፎቶው ደግሞ የትም አንድ ነው፦ ቀይ አበባ የተበተነበት አልጋ፣ ሰማያዊ መብራት፣ ጥግ ላይ ጃኩዚ። ልብ ብሎ ላየው ገንዳው ብዙ ጊዜ ባዶ ነው።

ሒሳቡ ይኸውና። ለሁለት ሰው የሚሆን ገንዳ 300 ሊትር ገደማ ይፈልጋል፤ 15 ጀሪካን ማለት ነው። የክፍሉ ቦይለር 80 ሊትር ቢሆንና ውሃውን 75 ዲግሪ ቢያደርሰው እንኳ፣ ከቀዝቃዛው ጋር ተቀላቅሎ ለገላ የሚመች 39 ዲግሪ ሲሆን 220 ሊትር አይሞላም። 50 ሊትሩማ የገንዳውን ግማሽ አያደርስም። 80 ሊትሩን እንደገና ለማሞቅ 1.5 ኪሎዋት ማሞቂያ ከ3 ሰዓት በላይ ይፈጅበታል፤ እስከዚያ የመጀመሪያው ውሃ ቀዝቅዟል። ይህ ሁሉ መብራት ካልጠፋ ነው።

ታዲያ ለምን አይጠየቅም? ይሉኝታ ነዋ! አንድ ኪሎ ቲማቲም እየገላበጠ የሚመርጥ ሰው፣ እንግዳ መቀበያው ጋ ሲደርስ አንገቱን ይደፋል። ሴቷ ስለ ጃኩዚ ብትጠይቅ ምን ይሏታል? በሕግ የተጋቡ ሰዎች እንደ ሌባ ተሽቆጥቁጠው፣ ክፍሉን ሳያዩ ከፍለው ይገባሉ። ሆቴሉም ይህን አሳምሮ ያውቃል።

የሚገርመው፣ አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው ገላ መታጠብ ባማራቸው ሰዎች ነው። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ እየወረዱ ፍልውሃ ይታጠቡ ነበር፤ በ1879 ዓ.ም. እዚያው አቅራቢያ ቤት አሠሩ፣ ከተማዋም ከዚያ ጀመረች። እቴጌዪቱ ያላፈሩበትን የዛሬ ባልና ሚስት የሚያፍሩበት ምክንያት የለም።

ስለዚህ ከመክፈል በፊት ክፍሉን አሳዩን ማለት ነው። ቦይለሩ ስንት ሊትር ነው? ለብቻ ነው ወይስ ከሌሎች ክፍሎች ጋር የጋራ? ሮቶ አላችሁ? ጀነሬተሩ ቦይለሩን ይችላል? ዋጋው 15 በመቶውን ቫት ይጨምራል? ከዚያ የሙቅ ውሃውን ቧንቧ ከፍቶ እጅን ሥር መያዝ። «አታስቡ፣ ይሞቃል» ብቻ የሚል ሆቴል ይቅር። መልሱ ካላማረ፣ ከአየር ጤና በሜክሲኮ አድርጎ ፍልውሃ ሄዶ መታጠብና፣ ማታ ገንዳ የሌለው ግን ንጹሕና ጸጥ ያለ ክፍል መያዝ ይሻላል፤ ገንዘቡም ለእራት ይተርፋል።

ቀኑም ይታሰብበት። ቅዳሜ ማታ የሠርግ እንግዳ ሆቴሉን ሞልቶ ሁሉም ቧንቧ በአንዴ ይከፈታል። ማክሰኞ ግን ቦይለሩ የጋራ ቢሆን እንኳ የሚሻማ የለም።