ኮለን የለኩት ፕሮፌሰርና ይቅር ያለው ሕግ

ሜቴ ሶዘንን ከሲቪል ምህንድስና ሰዎች ውጭ የሚያውቃቸው ጥቂት ነው። ቱርካዊ ናቸው። በ1951 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው) ከኢስታንቡሉ ሮበርት ኮሌጅ ተመርቀው አሜሪካ ገቡ፣ በ1957 ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን ያዙ፣ እዚያው ለአሥርት ዓመታት አስተማሩ፣ ከዚያ ወደ ፐርዱ ዩኒቨርሲቲ ሄዱ። የሕይወት ታሪካቸው በወረቀት ሲታይ ያን ያህል የሚያጓጓ አይደለም። ሥራቸው ግን ኮንክሪት መስበር ነበር።

ቃል በቃል ነው የምላችሁ። ላብራቶሪ ውስጥ ትንንሽ ባለፌሮ ሕንፃዎች ሠርተው፣ የሚንቀጠቀጥ መድረክ ላይ አውጥተው ያናውጧቸዋል። በ1970 ከታኬዳና ከኒልሰን ጋር ያወጡት ሥራ፣ ኮንክሪት በተናወጠ ቁጥር እንዴት እየላላ እንደሚሄድ ያሳያል፤ መሐንዲሶች ዛሬም ይጠቀሙበታል። በ1995 የኦክላሆማ ሲቲው የፌዴራል ሕንፃ በቦምብ ሲፈርስ፣ በ2001 ፔንታጎን በአውሮፕላን ሲመታ፣ የቱ ወደቀ፣ የቱስ ለምን ቆመ ብለው ከመረመሩት አንዱ እሳቸው ነበሩ። ፔንታጎን ላይ ብዙ ኮለኖችን ያተረፈው እንደ ስፕሪንግ የተጠመጠመባቸው ብረት ነው፤ እኛ ሳይት ላይ ስታፋ የምንለውን ሥራ የሚሠራው። ኮንክሪቱ ቢሰነጣጠቅም እንዳይበተን ያቅፈዋል።

እኔን የሚገርመኝ ግን በጣም ቀላሉ ሥራቸው ነው። በ1992 የቱርኳ ኤርዚንጃን ከተማ በርዕደ መሬት ተመታች። ሶዘንና አሕመድ ሀሰን የከተማዋን ሕንፃዎች መረጃ ይዘው በ1997 አንድ ዘዴ አሳተሙ። የምድር ቤቱ ኮለኖች የያዙትን ስፋት ደምሩና ግማሹን ውሰዱ። የኮንክሪት ግድግዳ (ሺር ዎል) ሙሉውን ይቆጠራል፣ የጡብ ግድግዳ አንድ አሥረኛው ብቻ። ሁለቱንም በየራሳቸው ለጠቅላላው የወለል ስፋት አካፍሉ። በቃ! ሜትርና የስልክ ካልኩሌተር ይበቃል። ሕንፃው ይወድቃል አይወድቅም ብሎ አይፈርድም፣ ፎቅ ለበዛበት ሕንፃም አልተሠራም። ከመቶ ሕንፃ የትኛው ቀድሞ በደንብ ይመርመር የሚለውን ግን ያሳያል።

ሶዘን በ2018 አረፉ። በዚያው ዓመት ቱርክ የግንባታ ይቅርታ ሕግ አወጣች፦ ያለፈቃድ የሠራ ወይም ከፈቃዱ ውጭ ፎቅ የጨመረ ሰው ክፍያ ከፍሎ ሕጋዊ ይሆናል። ሕንፃው ርዕደ መሬት ይቋቋማል ወይ የሚለው ለባለቤቱ ኃላፊነት ተተወ። በ2019 ፕሬዚዳንት ኤርዶዋን ካህራማንማራሽ ከተማ ላይ፣ በዚህ ሕግ ከ144 ሺህ በላይ የከተማዋን ዜጎች ችግር ፈታን ብለው ቀሰቀሱበት። በየካቲት 2023 ያ አካባቢ በ7.8 ተናወጠ፤ ቱርክ ውስጥ ብቻ ከ50 ሺህ በላይ ሰው ሞተ። በዙሪያው ያለው ፈርሶ ብቻውን ቆሞ የታየው የካህራማንማራሽ ሕንፃ የማን እንደነበር ታውቃላችሁ? የሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር።

መጥፎ ኮንክሪትና ደካማ አፈርም ድርሻ አላቸው። እኔ ግን እውቀት ጠፍቶ ነው ሲሉኝ አልቀበልም። መለኪያው በዚያው አገር ሕንፃዎች ላይ ከተሠራ ሩብ ምዕተ ዓመት አልፎት ነበር።

አሁን ወደ እኛ። የ1997ቱ ጽሑፍ ርዕሱ ላይ ርዕደ መሬት አልፎ አልፎ ለሚደርስባቸው አካባቢዎች የተዘጋጀ መሆኑን ይናገራል። ይሄ የኛ አድራሻ ነው። በ1961 የካራ ቆሬው መንቀጥቀጥ ማጀቴን አፍርሷል። በ2024 መጨረሻና በ2025 መጀመሪያ የፈንታሌው አዲስ አበባ ድረስ ተሰማ፣ የሚወዛወዝ መብራት ቪዲዮ ስልካችንን ሞላው። ያኔ ሁሉም የሚጠይቀው “ስንት ሬክተር ነው?” ነበር። “የኛ ሕንፃ ኮለን ስንት ነው?” ያለ ሰው አልሰማሁም።

ምድር ቤቱ ለሱቅና ለፓርኪንግ ክፍት ሆኖ ላዩ በብሎኬት የታጨቀ ሕንፃ ስንት አለ? ሲናወጥ ላዩ እንደ ሣጥን ደርቆ ይቆማል፣ መወዛወዙን የሚሸከሙት የታች ኮለኖች ብቻ ናቸው። የምህንድስና ተማሪዎች ከትምህርት ቤቶችና ከጤና ጣቢያዎች ጀምረው ቢለኩ፣ ሥራው ከአንድ ሴሚስተር አሳይመንት የሚከብድ አይመስለኝም።

የሚከብደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ኮለን ማወፈር ወይም ሺር ዎል መጨመር ሱቁን ለወራት ይዘጋል፣ ኪራይ ያስቀራል። ባለሕንፃው ወጪውን ለብቻህ ተሸከም ከተባለ፣ ሜትር ይዞ ለመጣ ተማሪ በሩን የሚከፍት አይመስለኝም።